አንቲጎኒን ለ60 ተማሪ፦ «ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ» ላሉት መምህርት

ጥያቄው፦ «በኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን አስተምራለሁ፤ በአንድ ክፍል 60 ናቸው። የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስን ‹አንቲጎኒ› በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አንብበን ጨርሰናል። ባለፈው ሴሚስተር በሌላ ተውኔት ላይ የቡድን የፈጠራ ሥራ ስሰጥ በየቡድኑ ሁለቱ ሠሩ፣ የቀሩት ስማቸውን አስጻፉ። ያመጡትም ፖስተር፣ ወደ ዘመናችን የመጣ አጭር ድራማ እና ከስልክ የተገለበጠ የደራሲ ታሪክ ነው። ተውኔቱን ያነበበውም ያላነበበውም እኩል ነጥብ አገኘ። ምን ዓይነት ሥራ ልስጣቸው? እንዴትስ ልመዝነው?»

መምህርት፣ መጀመሪያ ልጆቹን ሰነፍ አይበሏቸው። ፖስተር አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ነው፤ ለአምስት ሰው ሲሰጥ አራቱ ትርፍ ናቸው። ትርፍ የሆነ ሰው ደግሞ ስሙን ከማስጻፍ በቀር የሚሠራው የለውም። እኔም በማስተማር የመጀመሪያ ዓመታቴ «የፈለጋችሁትን ፍጠሩ» ብዬ አሰናብታቸው ነበር፤ የሚያመጡልኝም እርስዎ የዘረዘሩትን ነበር። ነጻነት የሰጠኋቸው መስሎኝ ነበር፤ ያገኙት ግን መጽሐፉን ሳይገልጡ የሚያልፉበትን በር ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሥራ ከመስጠቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንድ ልጅ ብቻውን ሊሠራው ይችላል ወይ? ተውኔቱን ሳይገልጥስ ሊሠራው ይችላል ወይ? ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎ» ከሆነ አልሰጠውም።

«አንቲጎኒ» (የቴብስ ከተማ ንጉሥ ክሪዮን እንዳይቀበር ያዘዘውን ወንድሟን በመቅበሯ በሞት የተፈረደባት ልጅ ታሪክ) በዚህ በኩል ይመቻል፤ ሥራው ከጥንት ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነውና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ገደማ አቴና ላይ ሲታይ፣ የሚናገሩት ተዋንያን ሦስት ብቻ ነበሩ። የቀረው ሥራ የኮረሱ ነው፤ አብሮ የሚዘምረው ቡድን ማለት ነው። ኮረሱን ከ12 ወደ 15 ሰው ከፍ ያደረገው ራሱ ሶፎክልስ እንደሆነ ይነገርለታል። እርስዎ 60 ልጆች አሉዎት፤ ስለዚህ አራት ኮረስ አለዎት ማለት ነው።

«15 ሰው ተቀምጦ እንዴት ይመካከራል?» ይሉኝ ይሆናል። አይመካከርም። ግን የትራጄዲ (የአሳዛኝ ተውኔት) ኮረስ ሲሰለፍ ሦስት ሦስት ሆኖ በአምስት ረድፍ ነበር፤ ይህንኑ አሰላለፍ ለሥራ ክፍፍሉ ይውሰዱት። የሚያቀርቡት 15 ሆነው ነው፣ የሚያስቡት ግን ሦስት ሦስት ሆነው። ልጆቹ ከታች ክፍል ጀምሮ አንድ ለአምስት እየተደራጁ መጥተዋል፤ ጎበዙ ይመራል፣ የቀሩት ይከተላሉ። ለሒሳብ መልመጃ ጠቅሟቸው ሊሆን ይችላል። ለተውኔት ግን አይሆንም፤ አንዱ ሲያስብ የቀሩት ያርፋሉና። ሦስት ልጆች መሪ ሳይሾምላቸው ሲቀመጡ መደበቂያ የለም። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛው መሸምገል አለበት፤ ለመሸምገል ደግሞ ማንበብ አለበት።

ለእያንዳንዱ ኮረስ አንድ መዝሙር ይስጡ። ለመጀመሪያው የመግቢያውን፣ የቴብስ ሽማግሌዎች ከጦርነቱ ማግስት ፀሐይ ስትወጣ የሚዘምሩትን። ለሁለተኛው ስለ ሰው ልጅ የተዘመረውን ዝነኛውን። ለሦስተኛው የክሪዮን ልጅና የአንቲጎኒ እጮኛ ሄሞን አባቱን ጥሎ ከወጣ በኋላ የሚመጣውን የፍቅር መዝሙር። ለአራተኛው የመጨረሻውን፣ ለወይን አምላክ ለዳዮኒሰስ የሚዘመረውን። ሥራው መዝሙሩን ወደ አማርኛ መልሶ፣ በቃል አጥንቶ፣ ቆሞ ማቅረብ ነው። ይኸው ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ሲጀምሩት ግን በእያንዳንዱ ቃል ላይ ይቆማሉ።

ሁለተኛውን መዝሙር ለምሳሌ እንይ። የመጀመሪያው መስመር በግሪክኛ «ዴይኖን» በሚለው ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። በዓለም ላይ ብዙ «ዴይኖን» ነገር አለ፣ ከሰው የባሰ «ዴይኖን» ግን የለም ይላል። ቃሉ አስደናቂ ማለትም ነው፣ አስፈሪ ማለትም ነው። ተማሪዎችዎ የያዙት እንግሊዝኛ አንዱን መርጦ ሌላውን ጥሎታል፤ ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ትርጉሞችን ጎን ለጎን ያሳዩዋቸውና ልዩነቱን ራሳቸው ይያዙት። ከዚያ አማርኛውን ይፈልጉ። አንድ ዓመት ከአንድ ሦስትዮሽ ጋር ሙሉ ክፍለ ጊዜ የተቀመጥኩት በዚህ ቃል ላይ ነው። አንዱ «ድንቅ» አለ። ሌላዋ «ድንቅ ካልን፣ በመጨረሻ አንቲጎኒ በቁሟ ስትቀበር ድንቁ የቱ ጋ ነው?» አለችው። ሦስተኛው ዲያቆን ነበር፤ «ግሩም» አለ። ቃሉ በግዕዝ የሚያስፈራ ማለትም እንደሆነ፣ በመዝሙረ ዳዊት ለእግዚአብሔር የሚነገረውም በዚሁ ፍርሃት ባለበት ስሜት እንደሆነ፣ ዛሬ በአማርኛ ግን ለጥሩ ምግብም እንደምንለው አስረዳ። ልጅቷ አሁንም አልተቀበለችም። «የሚሰማው ሰው ግዕዝ ካላወቀ ፍርሃቱ አይሰማውም» አለችና «ጉድ» የሚለውን አመጣች፦ «ጉድ ብዙ ነው፤ እንደ ሰው ያለ ጉድ ግን የለም።» ጉድ ለሚደነቀውም ለሚያሳፍረውም ይሆናል። አያቷ ልጅ ሲወለድም ቤት ሲቃጠልም ጉድ እንደሚሉ ነገረችን። ዲያቆኑ እጁን ሰጠ። ያንን ክርክር ከስልክ ሊገለብጡት አይችሉም፤ አንድ ልጅ ብቻውን ቢሆንም ኖሮ «ድንቅ» ብሎ አልፎት ነበር።

የአራተኛው ኮረስ አደጋ ሌላ ነው። ልጆቹ መጨረሻውን ስለሚያውቁ የዳዮኒሰስን መዝሙር በሐዘን ያቀርቡታል። ስሕተት ነው። በዚያ ሰዓት ክሪዮን ሐሳቡን ለውጦ አንቲጎኒን ሊያስፈታ ሄዷል፤ ሽማግሌዎቹ ይደርሳል ብለው አምነዋል። አምላካቸውን በፈውስ እግርህ ና እያሉ በደስታ ይጠሩታል። መዝሙሩ እንዳለቀ የሚገባው መልእክተኛው ነው፣ የያዘውም የአንቲጎኒና የሄሞን መርዶ ነው። ስለዚህ ኮረሱ እልል ብሎ ይጨርስ፤ መርዶው እልልታው ላይ ይግባ። ይህን አንድ ጊዜ በትክክል ያቀረበ ክፍል ትራጄዲ ምን እንደሆነ ትርጓሜ አይጻፍልኝ ይላል።

አቀራረቡን በተመለከተ፣ የግሪኩ መዝሙር በጥንድ አንቀጾች የተሠራ ነው፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ምጣኔ በልኩ ይመልሳል። ልጆችዎ ይህን ቅርጽ ከልጅነታቸው ያውቁታል። ወረብ ያየ፣ ሊቃውንቱ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ሲቀባበሉ የሰማ፣ ወይም መንዙማ ላይ ተቀባይ ሆኖ ያደገ ልጅ ማብራሪያ አይፈልግም። ግን ቅርጹን እንጂ ዜማውን እንዳይወስዱ አስቀድመው ይንገሯቸው። የጸሎት ዜማ ለክፍል ሥራ ሲውል የሚከፉ አሉ፤ ልክም ናቸው።

ከመዝሙሮቹ በፊት ግን ክፍሉን በሙሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያነቃ ሥራ አለ፤ እኔ ሁልጊዜ በእሱ ነው የምጀምረው። በተውኔቱ የሚናገሩ ገጸ ባሕርያት፣ መልእክተኛን እንደ አንድ ከቆጠርን፣ ስምንት ናቸው፦ አንቲጎኒ፣ እኅቷ ኢስሜኒ፣ ክሪዮን፣ ዘቡ፣ ሄሞን፣ ነቢዩ ቲሬሲያስ፣ መልእክተኛውና የክሪዮን ሚስት ዩሪዲሲ። ተዋንያኑ ሦስት ናቸው፤ ጭንብል ይቀያየራሉ። ማን ማንን ተጫወተ? ሦስትዮሾቹ ሰንጠረዥ ሠርተው ይፍቱት። ማን መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደወጣ ገጽ በገጽ ካልተከታተሉ አይፈታም። መጀመሪያ ላይ አንቲጎኒና ኢስሜኒ አብረው ናቸው፤ ሁለት ተዋናይ ሄደ። ክሪዮን ሦስተኛው ነው። ዘቡ አንቲጎኒን ይዞ ክሪዮን ፊት ሲያቀርብ ሦስቱም መድረክ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ዘቡን ሊጫወት የሚችለው የኢስሜኒ ተዋናይ ብቻ ነው። ዘቡ ይወጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ያው ሰው በሌላ ጭንብል ኢስሜኒ ሆኖ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ዝም ብለው ይጠብቋቸው። አንዱ ማንሣቱ አይቀርም፦ ሁለቱም ፈሪዎች ናቸው! ኢስሜኒ «ሕግ አልጥስም» ብላ እኅቷን ብቻዋን የላከች ናት፤ ዘቡ ደግሞ ልጅቷን አሳልፎ ሲሰጥ ቢያዝንም ከሁሉ የሚበልጥብኝ ነፍሴ ናት ያለ ነው። አንድ ድምፅ፣ ሁለት ጭንብል። ሄሞንንም ያው የአንቲጎኒ ተዋናይ ሊጫወተው ይችላል፤ ከአባቱ ጋር ሲከራከር የእሷ ድምፅ ከኋላ ይሰማል ማለት ነው። ሁለት ሦስት አማራጭ ያለበት ቦታ ላይ አንዱን መርጠው ምክንያታቸውን ይናገሩ። ጭንብሉን መሥራት ከፈለጉ ካርቶን ይበቃል፤ እኔ ብዙ ጊዜ አላጠፋበትም።

አሁን ለሚቀረው ጊዜ አንድ ትዕይንት ይምረጡ ቢሉኝ፣ ያለ ማመንታት የክሪዮንና የሄሞንን ክርክር እመርጣለሁ። ሁለቱ ረጅም ንግግር ካደረጉ በኋላ አንድ አንድ መስመር እየተወራወሩ ይሟገታሉ። የአቴና ተመልካች ዳኛ ሆኖ ሸንጎ መቀመጥ የለመደ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ሙግት ጆሮው የተሳለ ነው። እኛም በላ ልበልሃ ነበረን፤ ተሟጋቾች ቆመው በምሳሌና በግጥም ይረቱበት የነበረ የሙግት ሥርዓት። ተማሪዎቹ ክርክሩን በዚያ ስልት ያምጡት። ሕጉ አንድ ነው፦ በተውኔቱ የሌለ ሐሳብ አይጨመርም፤ ያለው ሐሳብ ግን የፈለጉትን አማርኛ ይልበስ። ሄሞን በጎርፍ ጊዜ የሚያጎነብሰው ዛፍ ቅርንጫፉን ያድናል፣ የሚገትረው ግን ከነሥሩ ይነቀላል ይላል። ይህ ለኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደውና እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ግን አንድ ጥያቄ ነው። ሄሞን አባቱን «አንተ» ይለዋል ወይስ «እርስዎ»? ግሪክኛው ይህን አይለይም። ዛሬ የምናነበው እንግሊዝኛም አይለይም። አማርኛ ግን ሳይወስኑ አንድ ግሥ እንኳ አያስጽፍም። ሄሞን ሲገባ «አባቴ፣ የአንተ ነኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ወይም «የእርስዎ ነኝ»። ሲወጣ ደግሞ ፊቴን ዳግመኛ አታይም ብሎ ነው። ታዲያ አክብሮቱ የቱ ጋ ተሰበረ? አንዱ ሦስትዮሽ ክሪዮን አገሩን የምገዛው ለራሴ ነው እንጂ ለሌላ ነው ወይ ሲል፣ ሄሞን የአንድ ሰው የሆነች ከተማ ከተማ አይደለችም ብሎ ከመለሰ በኋላ፣ «ሰው በሌለበት ምድር ብቻህን ብትገዛ ያምርብሃል» የሚለው ላይ ነው አለ። ሌላው ቆየት አድርጎ፣ አባቴ ባትሆን ኖሮ አእምሮህን ስተሃል እልህ ነበር በሚለው ላይ አደረገው። ሦስተኛው ሦስትዮሽ ያመጣውን እስካሁን አልረሳሁትም፤ ሄሞን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እርስዎ» እያለ ወጣ። «ፊቴን ዳግመኛ አያዩም።» ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ የለም፣ በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ንጉሥ «ሺህ ዓመት ንገሥ» ነው የሚባለው፣ ስለዚህ «አንተ» ድፍረት አይደለም፣ ከጅምሩ «አንተ» ይሁን ብሎ ተከራከረ። አራቱም መልስ ከተውኔቱ ሊደገፍ ይችላል። መምህርት፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲያገኙ አጥብቀው ይያዙት፤ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ለዚህ ተውኔት የሚጨምረው ነገር አለው ማለት ነው።

ገጸ ባሕርያቱን ሲያከፋፍሉ ለአንቲጎኒ በጣም ያዘነውን ልጅ ክሪዮን ያድርጉት። ኔልሰን ማንዴላ በሮበን ደሴት ታስሮ ሳለ እስረኞቹ «አንቲጎኒ»ን ሲያቀርቡ የተጫወተው ክሪዮንን ነበር፤ በሕይወት ታሪኩ ላይ ጽፎታል። ያሰረው መንግሥት ክሪዮን፣ እሱ አንቲጎኒ ሆኖ ሊያየው ይችል ነበር። እሱ ግን የንጉሡን ቃል በራሱ አፍ ተናገረ፤ ግትርነት ለመሪ እንደማይበጅም ከዚያው ጻፈ። የክሪዮንን የመጀመሪያ ንግግር ከልቡ ያልተናገረ ልጅ ተውኔቱን ጥቁርና ነጭ አድርጎ ነው የሚጨርሰው።

«ወደ ዘመናችን እናምጣው» ማለታቸው አይቀርም። እኔ እከለክላለሁ፤ ምክንያቱንም አልደብቃቸውም። ሁለቱ የአንቲጎኒ ወንድሞች ተገዳድለዋል፤ አንዱ በክብር ተቀበረ፣ የሌላው ሬሳ ሜዳ ላይ ቀረ። ይህን ታሪክ በቅርብ ዓመታት በአገራችን ያለፈውን እያሰበ የማያነብ ተማሪ የለም። የቦታና የወገን ስም ከተሰጠው ግን ክፍሉ በአምስት ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል፤ ስለ ተውኔቱ የሚናገርም አይኖርም። ቴብስ ውስጥ ከቆየ ሁሉም የራሱን ሐዘን ይዞ በአንድ ጥላ ሥር መቀመጥ ይችላል። ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ዣን አኑዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ጀርመኖች በያዟት ፓሪስ የራሱን «አንቲጎኒ» ሲያሳይ ተዋንያኑን የዘመኑን ልብስ አለበሳቸው እንጂ ታሪኩን ከቴብስ አላወጣውም። ተመልካቹ የሚረዳውን ተረድቷል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ጥንቃቄ አለ። አንቲጎኒ ወደ ዋሻው ስትወሰድ በራሷ ላይ ታለቅሳለች፤ ሳታገባ፣ ሳትወልድ፣ የሚያለቅስላት ሳይኖር። ይህ ሙሾ ነው፤ አልቃሿ እሷ፣ ተቀባዩ ኮረሱ። በአማርኛ ሙሾ ማስጻፍ እጅግ የሚያምር ሥራ ይወጣዋል፤ ግን ለማንም በግዴታ አይስጡት። አንድ ዓመት ዕጣ አውጥቼ ሰጠሁ። አንዲት ተማሪ ወረቀቱን ይዛ ምንም ሳትጽፍ ተቀመጠች። ወንድሟ ከሞተ ዓመት እንዳልሞላው፣ ሬሳውንም እንዳላገኙት ያወቅሁት ከክፍል ስንወጣ ነው። ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ሙሾውን ፈቅዶ ለመጣ ሦስትዮሽ ብቻ እሰጣለሁ፤ ለቀሩት የመልእክተኛውን መርዶ። በዚህ ተውኔት ሞት መድረክ ላይ አይታይም፤ ይነገራል። ሰይፍና ገመድ ማሳየት የሚወዱ ልጆች አይተው የመጡትን ብቻ እንዲናገሩ ሲገደዱ ቋንቋቸው ይጠነክራል።

ወደ ነጥቡ ልምጣ። ከ30 ቢይዙት፣ 10 ለኮረሱ በጋራ፣ 10 ለሦስትዮሹ፣ 10 ለእያንዳንዱ ለብቻው። የኮረሱ ነጥብ ለአቀራረቡ ነው፤ ሲበዛ አይጨነቁበት፤ በቃል አጥንተው አብረው ከተነፈሱ ይበቃል። የሦስትዮሹ ነጥብ «የውሳኔ ማስታወሻ» በምለው አንድ ገጽ ላይ ያርፋል። ሦስት ውሳኔ ይጽፋሉ፦ ምን መረጡ፣ የትኛው መስመር አስገደዳቸው፣ ማን ተቃወመ፣ ምንስ ብሎ። የተሸነፈው ሐሳብ ካልተጻፈ ግማሹን ነጥብ እቀንሳለሁ። «ሁላችንም ተስማማን» የሚል ማስታወሻ አንድ ሰው የጻፈው ነው። በእጅ ይጻፍ፤ ሥርዝ ድልዙም ይታይ።

ለግሉ 10 ነጥብ ደግሞ ከአቀራረቡ ማግስት ክፍል ውስጥ 15 ደቂቃ ይስጡ። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው፦ ከሌላ ኮረስ የሰማኸውን፣ ያልተስማማህበትን አንድ ምርጫ ጥቀስ፤ ከተውኔቱ መስመር እየጠቀስክ ምን ታደርግ እንደነበር ጻፍ። ስልክ ቦርሳ ውስጥ፣ መጽሐፉ ክፍት። ስሙን ብቻ አስጽፎ የመጣ ልጅ እዚህ ላይ ምንም የሚጽፈው የለውም፤ ዝምተኛዋ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉ የበለጠ የምትጽፈው እዚህ ነው። 60 ግማሽ ገጽ ነው፤ በሁለት ማታ ይታረማል።

ለሁሉም አራት ሳምንት ይበቃል። የመጀመሪያው ለሰንጠረዡና ለምደባው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለትርጉሙና ለልምምዱ፣ አራተኛው ለአቀራረቡና ለጽሑፉ። ልምምዱን ከክፍል ውጭ አይተዉባቸው፤ ግማሹ ልጅ ታክሲ ላይ ነው፣ ሌላው ሥራ አለው፣ መጥፋቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ክፍሉ ከጠበበ ሜዳ ላይ ይውጡ፤ ተውኔቱም የተጻፈው ለደጅ ነው።

የሚመጣው ክፍለ ጊዜ ላይ ሲገቡ ሰሌዳው ላይ ስምንቱን ስሞች ይጻፉ፣ ከጎናቸው ሦስት ባዶ ዓምድ ያስምሩ፣ ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና መጽሐፉን ያስገልጧቸው።